ሳይበሉ መቆየት

ቢቸና መግቢያ ላይ መኪናው ቆም ሲል ከሰዉ ድምፅ ቀድሞ የደረሰኝ የሽንብራ እሸት ሽታ ነበር። ወሩ ጥር ነው። ሴቶች እሸቱን በእቅፍ በእቅፍ አስረው በመስኮት ያቀብላሉ፤ ከመንገዱ ዳር እረኞች ጭድ አንድደው ይለበልቡታል። የእርጥብ ቅጠልና የተቃጠለ ቅርፊት ሽታ አንድ ላይ ይነሣል። አንድ እቅፍ ገዛሁና ፍሬውን እየፈለቀቅሁ መዳፌ ላይ አጠራቀምሁ። ወደ አፌ ከመውሰዴ በፊት ጣቶቼ አራት አራት አድርገው ከፋፈሉት። ማንም አላዘዛቸውም። ገበጣ ከተጫወትሁ ዘመን አልፏል፤ ጣቶቼ ግን የልጅነት ሥራቸውን ያውቁታል።

የእናቴ አገር ቢቸና ነው፣ የአባቴ ደግሞ ሞጣ። ልጅነቴ በሁለቱ መካከል፣ በደብረ ወርቅና በጉንደወይን በኩል በሚያልፈው አቧራማ መንገድ ሲመላለስ አለፈ። ቢቸና የገበጣ አገሬ ነበር፤ ሞጣ የሰንጠረዥ። አንዱ የልጆችና የእረኞች ጨዋታ ነው፤ ሌላው የሹማምንትና የሽማግሌዎች። እኔ ሁለቱንም አየሁ። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው፤ መብላት የሚቻለውን መቼ መብላት እንደሚገባ።

ቢቸና ያለችበት የእነማይ መሬት ዋልካ ነው። ክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ተሰነጣጥቆ በትር ያስገባል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የተቆፈረ ገበጣ ዕድሜ የለውም፤ ዛሬ የቆፈርነውን ነገ ከብት ይረግጠዋል፣ ወይም ስንጥቁ ፍሬውን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ ከወንዙ ዳር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ክብር ነበረው። በላዩ ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ተፈልፍሎበታል። ማን እንደፈለፈለው የሚያውቅ አልነበረም፤ አያቶቻችንም እንዲሁ አግኝተውት ነበር የተጫወቱበት። የጉድጓዶቹ ከንፈር በእጅ ብዛት ለስልሶ ያበራል። እኛ የምንጫወተው በደረቅ ሽንብራ ነው። ማታ እምዬ ያንኑ ሽንብራ አጥባ ትቆላዋለች፤ ቀን የተበላበት ልጅ ማታ ከቆሎው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ መብላት የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከጨዋታው አልፎ ሆድ ድረስ ይገባ ነበር።

የገበጣ ደንብ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በእኛ ዘንድ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ፍሬ፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ ነው። ከራስህ ወገን የአንዱን ጉድጓድ ፍሬ በሙሉ አንሥተህ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ትዘራለህ፤ ወገንህ ሲያልቅ በባላጋራህ በኩል ትዞራለህ። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች ያንን አንሥተህ ትቀጥላለህ። ባዶ ላይ ካረፈች ትቆማለህ። ባዶው በራስህ ወገን ከሆነ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራህን ክምር ትበላለህ።

ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚያሸንፈን የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ እታለም ነበር የምንላት። አንድ ከሰዓት በኋላ የተጫወትነው ከዓይኔ አይጠፋም። የመጀመሪያው ጉድጓዴ አምስት ፍሬ ይዟል፤ ስድስተኛው ባዶ ነው። ከስድስተኛው ትይዩ የእሷ ሰባት ፍሬ ተከምሯል። ተራው የእሷ ነው፤ ቀጥሎ የእኔ። አምስቱን ብዘራ የመጨረሻዋ ባዶው ላይ ታርፋለች፣ ሰባቱም የእኔ ይሆናሉ። ዓይኔ እንዳያጋልጠኝ ወደ ወንዙ ዞሬ ተቀመጥሁ። እሷ ክምሩን አንሥታ ማሸሽ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ከዳርቻው ሁለተኛ ከሆነው ጉድጓዷ ሦስት ፍሬ አነሣች፤ አንዷን ዳር ላይ ጣለች፣ ሁለተኛዋን አምስቱ ባሉበት በእኔ የመጀመሪያ ጉድጓድ፣ ሦስተኛዋን ቀጥሎ ባለው ባዶ ጉድጓዴ ላይ አሳርፋ ቆመች። በአምስቱ ላይ አንዲት ሽንብራ ብቻ ናት የጨመረችልኝ። አምስቱ ግን ስድስት ሆነ። አሁን ብዘራ የመጨረሻዋ ባዶውን አልፋ ልበላው የቋመጥሁለት ክምር ላይ ታርፋለች፤ ክምሩን በገዛ እጄ አንሥቼ አብዛኛውን በእሷው ጉድጓዶች ልዘራላት ነው።

«የራስህን አትቁጠር፤ እኔ የምቆጥረውን ቁጠር» አለችኝ። ያኔ ገና ዐሥራ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ሰባዎቹን የተጠጋች የልጅ ልጆች አያት ናት።

እሸቱን በገዛሁ ማግስት ወደ ወንዙ ወረድሁ። ድንጋዩ አለ። ከጉድጓዶቹ ግማሹን አፈር ሞልቶታል፤ በቀሩት ውስጥ የሰሞኑ ነፋስ ያመጣው የጤፍ ገለባ ተኝቷል። አጠገቡ ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ነበሩ። «ይኼ ምንድን ነው?» ብላቸው አንደኛው «የድሮ ሰዎች እህል የወቀጡበት ነው» አለኝ። ተቀምጬ አፈሩን በጣቴ አወጣሁላቸው፤ ከእቅፉ የተረፈውን ሽንብራ አራት አራት አድርጌ ደረደርሁ። ደንቡን ነግሬያቸው ሳልጨርስ ትንሹ መዝራት ጀምሮ ነበር።

ሞጣ የአያቴ ግቢ ሌላ ዓለም ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቅ ወይራ ያለበት ግቢ ነበር። አያቴ በወጣትነቱ፣ በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ከአንድ ባላባት ቤት አድጓል፤ ሰንጠረዥን የተማረው ከጌቶቹ ኋላ ቆሞ በማየት ነው። ከዚያ ቤት ይዞት የወጣው ሀብት አንድ ቀይ ጨርቅና አንድ ከረጢት መጫወቻ ይመስለኛል። ጨርቁ ላይ ስምንት በስምንት ቤት በጥቁር ክር ተሰፍቷል። እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ አልተቀባም፤ ሁሉም ቤት ያው ቀይ ነው። መጫወቻዎቹ የአንዱ ወገን ከቀንድ፣ የሌላው ከወይራ እንጨት የተጠረቡ፣ ወፍራምና ጌጥ የሌላቸው ነበሩ። ከረጢቱ ሲፈታ የቅቤና የጭስ ሽታ ይወጣል። ያ ሽታ ሲመጣ ግቢው ዝም ይላል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጫጫታው ያኔ ነው የሚጀምር።

ንጉሥ አለ፤ ከጎኑ ፈርዝ። የአንዱ ንጉሥ ትይዩ የሌላው ፈርዝ ነው የሚቆመው። ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን አያካልልም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ፈረስና ደር፣ ማለት ግንቡ፣ ከዛሬው ቼዝ እንደምናውቃቸው ናቸው። እግረኞቹ መደቆች አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳሉ፤ ከመነሻቸው ሁለት መዝለል የለም። ሠራዊቱ ከባድ፣ እርምጃው አጭር ነው፤ በተራ ቢኬድ ሁለቱ ወገኖች እስኪገናኙ ቀኑ ይመሽ ነበር።

ነገር ግን በመጀመሪያ ተራ የለም። ሰንጠረዥን ከማውቀው ሌላ ጨዋታ ሁሉ የሚለየው ይህ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱም ሰዎች እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። እጅ ከእጅ ይቀዳደማል፣ መደቅ ይገፋል፣ ፈረስ ይወጣል፣ የወጣው ተመልሶ ይገባል፣ ሌላው ያንን አይቶ የራሱን ይለውጣል። አንዱ የሌላውን መጫወቻ እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መብላት ሲሆን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ አንተ፣ አንድ እኔ።

የአያቴ ባላጋራ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ግራዝማች ናቸው። ግራዝማች እጃቸው ፈጣን ነው። ሦስት አራት መደቅ በአንድ ትንፋሽ ይገፋሉ፤ ቀንዱ ጨርቁ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ዱብ ዱብታ ከወይራው ሥር እስከ ማጀት ይደርሳል። አያቴ ግን ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርግና የግራዝማችን እጅ ያያል። ጨርቁን አይደለም፤ እጃቸውን። ግራዝማች አንድ ፊል ሲያወጡ እሱ አንድ መደቅ ይገፋል። ግራዝማች ሲመልሱት እሱም ይመልሳል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው አያስችለውም። የጎረቤት ገበሬ አለ፣ በገበያ ቀን ከአባይ ማዶ የመጡ ነጋዴዎች አሉ፤ በፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ጊዜ በተሰበረው ድልድይ በገመድ ተስበው ተሻግረው የመጡ ናቸው። በሰንጠረዥ ተመልካች ዝም አይልም፤ መምከር፣ ማሞገስ፣ መቆጨት የጨዋታው አካል ነው።

«ግራዝማች፣ ይብሏት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?»

«ኧረ ተዉ፣ አታስቸኩሏቸው!»

ያኔ መብላት የሚችል ሰው ለምን እንደማይበላ አይገባኝም ነበር። ኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ብቻዬን ሳስበው፣ ነገሩ ተፈታልኝ። መጀመሪያ የበላው ሰው ወረራውን የሚዘጋው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ለሁለቱም ነው። ከዚያ ቅጽበት በኋላ ሠራዊቱን እንደ ልቡ ማሰለፍ አይችልም፤ የሚቀጥለው እርምጃም የባላጋራው ነው። ስለዚህ አንድ መደቅ አተረፍሁ ብሎ የበላ ሰው፣ ያኔውኑ ተዘጋጅቶ ለሚጠብቀው ተራውን ይሰጠዋል። መብላት ያለብህ ያንተ ሰልፍ ሲያልቅና የእሱ አንድ እርምጃ ሲጎድለው ነው። እሱም ይህንኑ እየጠበቀ ነው። ሁለት ሰው የማይበላውን እያየ ይቀመጣል፤ ሩጫው ግን ያኔ ነው የሚበረታው።

አያቴ ስለ አርበኝነቱ ብዙ አያወራም ነበር። የበላይ ዘለቀ አገር ሰው እንደመሆኑ፣ እነዚያን አምስት የጣሊያን ዓመታት በአባይ በረሃ ማሳለፉን የምናውቀው ከሌሎች አፍ ነው። አንድ ጊዜ ግን ግራዝማች ቸኩለው በልተው ጨዋታው ሲገለበጥባቸው፣ አያቴ መጫወቻዎቹን ወደ ከረጢቱ እየመለሰ «ቀድሞ የተኮሰ ሰው ያለበትን ነው የሚያሳይ» አለ። ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ያንን በረሃ ያውቁታል።

በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ሞጣና ቢቸና ባመፁ ጊዜ አያቴና ግራዝማች አንድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው አድጌ ነው የሰማሁት። አንዱ ሹመት ያለው፣ ሌላው መሬት አራሽ ነበርና። ያም ሆኖ ጨርቁ ሳይዘረጋ የከረመበትን ጊዜ አላስታውስም።

የሰንጠረዥ ሌላው ክብር አጨራረሱ ላይ ነው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል ይቻላል፤ የሚያስጨበጭብ ግን አይደለም። በፊል፣ በፈርዝ፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ የገደለ ነው የሚወደስ። ደግሞም ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የባላጋራውን ሰው ሁሉ አይጨርስም። አያቴ ግራዝማች አንድ ፈረስ ብቻ ቀርቷቸው ሳለ ያንን ፈረስ ላለመብላት በአጠገቡ ዞሮ ዞሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ፈረሱ በገዛ ፈቃዱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ አያቴ ያልፈዋል። ተመልካቹ ይጮሃል። እሱ መደቁን ወደ ንጉሡ እየገፋ ነው። እስካሁን ካየሁት የጨዋታ ጥበብ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸው ነው።

ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ያየሁትን በመጽሐፍ ፈለግሁ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ መሬይ በ1913 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው የቼዝ ታሪክ መጽሐፉ የእኛን ሰንጠረዥ አንሥቶታል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971፣ እንዲሁ በፈረንጆች፣ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ጽፏል፤ በዚያው ዓመት ስለ ገበጣ ዓይነቶች የጻፈው ሌላ ነው። አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ አጥብቀው ይወዱ እንደነበር ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ተማርሁ። ፓንክረስትን በልቤ አመሰግናለሁ፤ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ባይጽፉ የመጫወቻዎቹ ስም እንኳ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ደንቡን አንብቤ ስጨርስ አያቴ እዚያ ውስጥ አልነበረም። ወረራ እስከ መጀመሪያው መብላት ይዘልቃል ተብሎ ተጽፏል። እስከዚያው ድረስ እጅ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ፣ ሁለት ሰው የማይነካውን ቤት እንዴት እያየ እንደሚቀመጥ አልተጻፈም። ሊጻፍም የሚከብድ ነው።

የዛሬ ቼዝ ሰዓት አለው። እያንዳንዷ እርምጃ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀች ይመዘገባል፤ ተንታኞቹ «እዚህ ጋ ሃያ ደቂቃ አሰበ» ብለው ጭንቀቱን ከቁጥሩ ያነብባሉ። ወረራን የሚለካ ሰዓት የለም። ማን ቀደመ ማለት አይቻልማ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሄዱት።

አዲስ አበባ አንድ ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጃፓኖች ጎ የሚሉትን፣ እሱ ዌይቺ የሚለውን ጨዋታ አስተማረኝ። 19 በ19 መስመር ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በተራ በተራ ይቀመጣል፤ አንዴ የተቀመጠ አይንቀሳቀስም፣ ዙሪያው ከተዘጋ ግን ይነሣል። ያስደነቀኝ ሁለት ጭፍሮች እርስ በርስ ተከባብበው ከመካከላቸው አንዱ መሞት ሲኖርበት የሚደረገው ሩጫ ነው። ያኔ ዙሪያቸውን ያለው ክፍት ቦታ ይቆጠራል፤ ትንፋሻቸው እሱ ነው። የእኔ አራት፣ የእሱ ሦስት ከሆነ እተርፋለሁ። እኩል ከሆነ ተራው የማን ነው? የቀደመው ይገድላል። ሁለቱ የሚጋሩት ክፍት ቦታ ካለ እሱን መጨረሻ ላይ ማቆየት ይገባል፤ ቀድሞ እዚያ የገባ የገዛ ትንፋሹን ይዘጋል። ባልደረባዬ ይህን ሲያሳየኝ እኔ የማየው ወንዝ ዳር ያለውን ድንጋይ ነበር። የእታለም አንዲት ሽንብራ በጎ ሰሌዳ ላይ ብትቀመጥ ያው ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ከባላጋራ ቆጠራ ላይ አንድ መጨመር ወይም መቀነስ። ጎ የሚጫወቱ ሕዝቦች ግን ይህን ሁሉ ጽፈውታል፤ መማሪያ አላቸው፣ የልምምድ መጽሐፍ አላቸው፣ የታላላቆቻቸው ጨዋታ ከነቅደም ተከተሉ ተመዝግቦ ልጆች ያጠኑታል። አያቴና ግራዝማች ያን ያህል ዘመን ሲጫወቱ አንዱም ጨዋታ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ይህ ይቆጨኛል። የጎጃም ሰው ቅኔ ዘርፎ ከነምሥጢሩ በአፉ ለትውልድ ያሻገረ ነው፤ በቅኔ ጉባኤው የሚታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። ለሰንጠረዥ ግን ጉባኤ አልተተከለለትም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ ያለፍሁት በዚሁ ሐሳብ ነው። ወይራው አሁንም አለ፤ ከሥሩ የቆመው የቆርቆሮ ሱቅ ነው። ከረጢቱ የት እንደገባ የሚያውቅ ዘመድ አላገኘሁም። የወንድሜ ልጅ ቼዝ ትጫወታለች፤ በስልኳ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር፣ በአምስት ደቂቃ ሰዓት። ብልህ ናት፣ ብዙ ጊዜ ታሸንፈኛለች። ማታ ካርቶን ላይ መስመር አስምሬ፣ መጫወቻዎቹን ከፕላስቲክ ቼዟ ወስጄ፣ ወረራን ላስተምራት ሞከርሁ።

«ጋሼ፣ የማን ተራ ነው?»

«ተራ የለም።»

ሳቀች፤ ከዚያ እጇ ተለቀቀ። ብዙም ሳትቆይ መደቄን በላች። «ለምን በላሽው?» ብላት «ይበላል እኮ!» አለችኝ። ተራው ለእኔ ሆነና ሰልፏ ገና ግማሽ ስለነበር ጨዋታው ቶሎ አለቀ። ሁለተኛውን ራሷ ዘረጋችው። በዚህኛው ሁለት ጊዜ እጇን ሰድዳ መለሰች፤ ሰልፏ ግን አሁንም ቸኩሎ ወጣ። ሦስተኛውን ስንጀምር እናቷ ለእራት ጠራችን።

ከእራት በኋላ የአያቴን ሰልፍ የማስታውሰውን ያህል ለእሷ ልጽፍላት ተቀመጥሁ። የንጉሡና የፈርዙ መደቆች አንድ አንድ ቤት ይወጣሉ። ፊሎቹ ቀድመው ይዘላሉ፤ መደቅ አይዘጋቸውምና። ፈረሶቹ ከመደቆቹ ኋላ ይቆማሉ። ደሮቹን የሚነካቸው ግራዝማች የዳር መደቃቸውን ሲገፉ ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ ወረቀቱን ግማሽ ሞላሁት። ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብላ አነበበችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን በተራ አድርገው ጻፉት። አብረው አይደል የሚሄዱ?»

ሌላ ወረቀት አወጣሁ። መካከሉ ላይ መስመር አሰመርሁ፤ በግራ የአያቴን እጅ፣ በቀኝ የግራዝማችን። ግራዝማች ፊላቸውን ያወጡበትን መስመር ስጽፍ፣ ትይዩው ላይ አያቴ የገፋው የትኛውን መደቅ እንደነበር እስኪመጣልኝ እሷ እርሳሱን ይዛ ጠበቀችኝ።